ማንም ያልጠየቀው መጽሐፍ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሶዶና በዙሪያዋ ላሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ታደለ። ወረቀቱ አዲስ፣ ሽፋኑ አዲስ፣ ቋንቋውም አዲስ። የመጨረሻውን ለማሳመር ያልኩት እንዳይመስላችሁ፤ እስከዚያን ጊዜ በዚያ ቋንቋ ልጇን እሹሩሩ ያለች አንዲት እናት አልነበረችም። ወጋጎዳ ይባላል። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስም መጀመሪያ መጀመሪያው ተቆርጦ የተሰፋ ስም ነው። ቋንቋውም እንደ ስሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሶዶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መምህራን ተቃወሙ፣ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ሕዝቡ ተከተለ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሰሜን ኦሞ የሚባለው ሰፊ ዞን ተከፋፍሎ ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ።

እኔ የተወለድኩት በዚያው ሰሞን ነው። ቤታችን ውስጥ «ይሄ ከወጋጎዳ በፊት ነው»፣ «ይሄ ከወጋጎዳ በኋላ ነው» እየተባለ ዘመን ሲቆጠር እየሰማሁ አደግኩ። ታሪኩ ሲወራ ሁልጊዜ የፖለቲካ ታሪክ ሆኖ ነው የሚወራው፤ ማንነት፣ ዞን፣ ክልል። ነውም። ሶዶ ዛሬ የክልል መንግሥት መቀመጫ እስከመሆን የደረሰችበት ረጅም መንገድ አንዱ ጫፉ እዚያ ነው። ግን ሁሉም የተነሳው ጠባብ ከሚመስል አንድ ጉዳይ ነው፦ ልጅ ፊት የሚቀመጠውን መጽሐፍ ማን ይመርጣል? ማንንስ ጠይቆ? ይህ ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ ላይብረሪ በየዓመቱ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳይነሳ ይታለፋል። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ በትርፍ ሰዓቴ ዞናችን ውስጥ ላለ አንድ ትምህርት ቤት የላይብረሪ ካታሎግ ስሠራ ወጋጎዳ በየአቅጣጫው እየመጣ ይገጥመኝ ጀመር። ስለዚህ ታሪኩን በላይብረሪው በር ገብቼ ላወራው ነው።

መጀመሪያ፣ ወላይትኛ ያኔ ባዶ እጁን አልነበረም። ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ተሸንፎ የወላይታ መንግሥት ያበቃው በ1887 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የቢሮውም፣ የፍርድ ቤቱም፣ በኋላ የትምህርት ቤቱም ቋንቋ አማርኛ ሆነ። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ ገቡ፤ በ1940ዎቹ ደግሞ ቋንቋው የሚጻፍበትን ሥርዓት አበጁ። አዲስ ኪዳን በወላይትኛ ተሟልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ2002 ነው። በሁለቱ መካከል ሃያ አንድ ዓመት። ወጋጎዳ የገባው እዚህ መሀል ነው፤ ሰው በገዛ ቋንቋው ማንበብ ጀምሮ ገና ያልጠገበበት ጊዜ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ትልቁን በር የከፈተው ደርግ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው መሠረተ ትምህርት ውሎ አድሮ 15 ቋንቋዎችን አዳረሰ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት ጥቂቶች አንዱ ወላይትኛ ነበር፣ ከሌሎቹ የደቡብ ቋንቋዎች ቀድሞ። ትምህርቱ የሚሰጠው በፊደል ነው። ብዙ እናቶችና አባቶች በወላይትኛ «ሀ ሁ» ብለው የቆጠሩት ያኔ ነው። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ቋንቋው ወደ ላቲን ፊደል ዞረ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ለላቲኑ የሚቀርበው ምክንያት ያስኬዳል። አማርኛ የምታነቡ ሰዎች «ገና» የሚለውን ቃል ለብቻው ብታገኙት በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ ከዐረፍተ ነገሩ ካልሆነ አታውቁም። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ መነበቡን አያሳይም። ወላይትኛ ማጥበቅም፣ አናባቢ ማስረዘምም ያለበት ቋንቋ ነው፤ በላቲኑ ሆሄውን ደግመህ ትጽፈዋለህ፣ አለቀ።

ዋጋው ግን ቤት ውስጥ ተከፈለ። አንድ ቤት አስቡ፦ አያት በመሠረተ ትምህርት ወላይትኛን በፊደል ማንበብ ተምራለች፤ አባት የተማረው በአማርኛ ነው፤ ልጅ ወላይትኛን በላቲን ያነባል። ሦስቱም ማንበብ ይችላሉ፣ ሦስቱም አንድ ቋንቋ ያወራሉ፣ ግን አያት የልጅ ልጇን ደብተር ከፍታ «ይሄን አነበብከው?» ማለት አትችልም። ለትምህርት ቤት ላይብረሪ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ይህን ቤት ካላወቀ «ወላይትኛ መጽሐፍ ገዝተናል» ብሎ ሪፖርት ሊጽፍ ይችላል፤ ለማን እንደገዛ ግን አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ወጋጎዳ የመጣው። ከመንግሥት ወገን የነበረው ሐሳብ ሲሰሙት እብደት አይመስልም። አራቱ ሕዝቦች በሰሜን ኦሞ አንድ ዞን ውስጥ ናቸው። ቋንቋዎቹ የተዛመዱ ናቸው፤ የቃላት ዝምድናቸው ብዙ ጊዜ በ80 በመቶና ከዚያ በላይ ይገመታል። ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማዘጋጀት ለአራቱ አንድ ማዘጋጀት በጀት ይቆጥባል። ሕዝቡንም ያቀራርባል ተባለ።

የእኔ ሙያ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው ይገባቸዋል። አራት ተቀራራቢ ኮድ ሲኖርህ እጅህን ይበላሃል፤ ድግግሞሹን አውጥተህ አንድ የጋራ ብታደርገው ደስ ይልሃል። ነገር ግን ሁለት ፋይሎች 80 በመቶ አንድ ናቸው ማለት ፕሮግራሙ 80 በመቶ ይሠራል ማለት አይደለም። የሚበላሸው ልዩነቱ ያለበት ቦታ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሥራው እምብርት ነው። ቋንቋ ላይማ ይብሳል። ለሰባት ዓመት ልጅ ገጹ ላይ ካሉት አሥር ቃላት ሁለቱ የሰፈሩ ካልሆኑ፣ በየመስመሩ ይቆማል። ማንበብ እየለመደ ሳይሆን እየገመተ ነው።

የሚገምተውን ደግሞ ማንን ይጠይቅ? ያኔ ያስተምር የነበረ አንድ ዘመዴ የነገረኝ ይህንን ነው። ልጁ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» ይላል። መምህሩ አያውቀውም። ቤት ሄዶ እናቱን ቢጠይቅ አታውቀውም፣ ሽማግሌ ቢጠይቅ አያውቅም፤ የሚፈታው መዝገበ ቃላትም እጁ ላይ የለም። «ቃሉን የሚያውቀው የጻፈው ኮሚቴ ብቻ ነው» አለኝ፤ «ኮሚቴው ደግሞ ክፍል ውስጥ የለም።»

በላይብረሪ ቋንቋ ብናየው፣ መምህራኑ የመረጃ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ነበሩ። ጥያቄው የሚደርሰው ለእነሱ ነው። መጀመሪያ የጮሁትም እነሱ መሆናቸው አይገርምም። ከተቃወሙት መካከል የታሰሩና ከቦታቸው የተነሱ አሉ። በመንግሥት በኩል ይህ እንደ አመፅ ታየ እንጂ ከክፍል የመጣ ማስታወሻ ተደርጎ አልተነበበም። እንዲያ ሆኖ ቢነበብ ኖሮ ነገሩ በአንድ ስብሰባ ያልቅ ነበር ብዬ አልሟገትም፤ ዞኑ ውስጥ የቆየ የሥልጣንና የበጀት ቅሬታ ነበር፣ መጽሐፉ ክብሪቱ ነው። ግን በክብሪቱ ምክንያት ወጣቶች መንገድ ላይ ሞተዋል። በመማሪያ መጽሐፍ ምክንያት።

ቦታ ልቀይር ነውና ተከተሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካ ውስጥ የዉስተር ከተማ ላይብረሪ ኃላፊ የነበረ ሳሙኤል ግሪን የሚባል ሰው ለባልደረቦቹ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ዛሬ የላይብረሪ ትምህርት የሚማሩ ሰዎች የመረጃ አገልግሎት የሚሉት ሥራ ሲወሳ ከዚያ ጽሑፍ ነው የሚጀምሩት። የሚለው ነገር ቀላል ነው፦ ሰው ላይብረሪ ሲገባ ያፍራል፣ የሚፈልገውን በደንብ አይናገርም፣ ስለዚህ ቆጣሪው ጀርባ አትቀመጥ፣ ወጥተህ እርዳው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነጥቡ ነው። ከአንባቢው ጋር ስትቀላቀል፣ ይላል፣ ሰዎቹ በእውነት የሚፈልጉት የትኛውን መጽሐፍ እንደሆነ ታውቃለህ። ማለትም ጥያቄ መቀበልና መጽሐፍ መምረጥ ሁለት ሥራ አይደሉም። ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ከሂሳብ መምህርነት ወደ ላይብረሪ የገባው ሕንዳዊው ራንጋናታን አምስት ሕጎች ብሎ ባወጣው መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ አንባቢው ሊገናኝ ይገባል አለ። የሂሳብ ሰው ስለሆነ ይሆናል፣ እኩልታው በሁለቱም ወገን ይሠራል። ወጋጎዳ በሁለቱም ወገን ባዶ ነበር፤ መጽሐፉን የሚፈልግ አንባቢ አልነበረም፣ የነበረው አንባቢም የሚፈልገውን አላገኘም።

ካታሎጉን መሥራት ስጀምር ላይብረሪው ውስጥ ያገኘሁት ነገር ብዙም የራቀ አይደለም፣ ደም የለበትም እንጂ። መደርደሪያው ሙሉ ነው። ግማሹ ከውጭ በእርዳታ የመጣ ነው፦ የበረዶ ላይ ሸርተቴ አጀማመር፣ የአሜሪካ ገቢ ግብር አሞላል፣ የዊንዶውስ 98 መመሪያ (እሱ እንኳ የወጋጎዳ እኩያ ነው)። አውጥታችሁ አስወግዱ ማለት ቀላል ነው። መጽሐፉ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት ነው፤ ከጎደለ የሚጠየቀው ላይብረሪያኑ ነው። ስለዚህ የግብር መመሪያው ይቆለፍበታል፣ ይጠበቃል፣ በየዓመቱ ይቆጠራል። ቀሪው አጋዥ መጽሐፍ ነው፣ እሱም አሮጌው ሥርዓተ ትምህርት ላይ የተሠራ። አዲሱን መማሪያ መጽሐፍ ልጆቹ የሚያነቡት በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ በአንድ ስልክ ለአራት ሆነው ነው።

አጋዥ መጽሐፍ መግዛትን አልንቅም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ ፊት ቆሞ «ተረት መጽሐፍ እንግዛ» ማለት ወኔ ይጠይቃል። ነገር ግን 9ኛ ክፍል ደርሶ አንድ ገጽ አንብቦ መረዳት ለሚቸግረው ልጅ የአጋዥ መጽሐፍ ክምር ምን ያደርግለታል? ማንበብ የሚለመደው ታች ነው፣ በሚያውቁት ቋንቋ፣ በሚያጓጓ ነገር። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገርም ሆኗል፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ እርዳታ በተካሄደ የንባብ ፕሮግራም ከተመረጡት ሰባት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፣ ራሱን ችሎ፣ ከማንም ጋር ሳይሰፋ።

ካታሎግ ስትሠራ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የቋንቋ ኮድ ትሞላለህ። ዓለም አቀፍ ዝርዝር አለ። የወላይትኛ ኮድ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤል ነው፤ ሲመዘገብ «ወላሞ» በሚለው፣ ሰዉ በማይወደው አሮጌ ስም ነበርና ስሙ ሲታረም ሦስቱ ሆሄዎች ቀሩ። ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በአንድ ኮድ ተጠርንፈው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2010 ለሦስት ተከፈሉ። ኮሚቴው ሊያዋህዳቸው የፈለጋቸውን ዝርዝሩ ከአሥር ዓመት በኋላ ለያያቸው። የዲዊ አመዳደብም የራሱ ጨዋታ አለው፦ የአማርኛ ልብወለድ 892 ውስጥ ሲገባ የወላይትኛው 893 ነው፣ ርዕሱም «ሴማዊ ያልሆኑ የአፍሮ-እስያ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ» ነው። ባልሆንከው ነገር ስትጠራ ምን እንደሚሰማ ወላይታ ይነግራችኋል። ለማንኛውም መደርደሪያው ላይ 893 ስንደርስ የነበረው ከአንድ ክንድ አይበልጥም።

የዚያ ላይብረሪ ኃላፊ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጆቹ ቲቸር ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዛው። ስለ ግሪን ሰምተው አያውቁም፤ የሚሠሩት ግን እሱ ያለውን ነው። አንድ ልጅ መጥቶ «ባዮሎጂ አለ?» አላቸው፣ እኔ እዚያው እያለሁ። የትኛውም ላይብረሪያን መደርደሪያውን ጠቁሞ ይሸኘዋል። እሳቸው «ለምንህ ነው?» አሉት። ለፈተና ነው አለ። ዝም ብለው ጠበቁት። ቆይቶ፣ እናቱ ጓሮ ያለው እንሰት እየጠወለገ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል ብሎ እንደመጣ ነገራቸው።

መጽሐፉ ውስጥ የለም። በባክቴሪያ የሚመጣው የእንሰት በሽታ በሳይንስ ጽሑፍ በይፋ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ የሚረጭ መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና የቆረጡበትን ቢላ በእሳት ማስነካት ነው የሚሠራው። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች ያሉት ደግሞ አረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፣ እዚሁ ዞናችን ውስጥ። ቲቸር መልሱን በመጽሐፍ ሳይሆን በስልክ አገኙት፤ ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በወላይትኛ ጻፉት። አንዱን በላቲን ለልጁ፣ አንዱን በፊደል ለእናቱ። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው የመረጃ አገልግሎቶች ሁሉ ይሄን የሚያክል የለም፣ ጎግልንም ጨምሮ።

አንድ ደብተር አላቸው። ልጆች ጠይቀው ላይብረሪው ያልመለሰውን እዚያ ይጽፉታል፣ ቀንና ክፍል እየጨመሩ። ለካታሎጉ ስል ገልብጬው ነበር። ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ይበዛሉ። ግን የጊፋታ በዓል ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠር የጠየቀ አለ። የደም ዓይነት ከእናት ነው ከአባት የሚወረሰው ያለች አለች። ካዎ ጦና ከተማረከ በኋላ ምን ሆነ የሚል ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ እጅ አለ። ስለ ዘመቻው ከምኒልክ ጋር ሄዶ ያየውን የጻፈ ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ውስጥ ታትሟል፤ ልጁ የሚያነበው በምኑ ነው? ከዓለም የላይብረሪ መጽሐፍ ሁሉ መርጠህ ልታስገባለት የምትችለው ገና አልተጻፈም።

ይህ ክፍተት የወላይታ ብቻ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳንፍራንሲስኮ የልጆች ላይብረሪያን ሳለ በተለያዩ ቋንቋዎች የልጆች መጽሐፍ ሲያሰባስብ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን አላገኘም። መደርደሪያው ላይ የሌለውን ራሱ ጽፎ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሳተመ፤ በኋላ አዲስ አበባ የልጆች ላይብረሪ ከፈተ፣ ጎረቤታችን ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚዞር ላይብረሪ ተጀመረ። የእሱም ሥራ የተነሳው ከአንድ ባዶ መደርደሪያ ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የግዢ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ቲቸር ደብተሩን ይዘው ገቡ። ሊስቱን ያመጣው ሰው አለ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አጋዥ መጽሐፍ ብቻ። እሳቸው ከደብተሩ አንብበው ተከራከሩ። ከበጀቱ ሩብ የሚሆነው ለ893 ተፈቀደ። ለካዎ ጦና ጥያቄ አንድ አዛውንት ዓርብ ከሰዓት መጥተው እንዲያወሩ፣ ልጆቹም እንዲጽፉ ተስማሙ፤ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይገባል፣ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

ደብተሩ ላይ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ «ወጋጎዳ ምንድን ነው? መጽሐፉን ማየት ይቻላል?» ብላለች። ላይብረሪው ውስጥ የለም፤ ሲሰበሰብ ሁሉም ተሰብስቧል። ቢገኝ እንኳ የቋንቋ ሳጥኑ ላይ የምሞላለት ኮድ እንደሌለ ለቲቸር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ቦታ ተውለት» አሉኝ። «ልጅቷ ጠይቃለች።»